ከሐኪም ቤት ወደ መጦሪያ



አንድ አረጋዊ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው ሲዝል ወይም ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ ነፍሳቸው ከተረፈች በኋላ ረጅሙ ሥራ ገና ይጀምራል። ይህም መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን እንደገና መለማመድ ሲሆን የተሐድሶ ሕክምና ይባላል (ቃሉ የሐኪሞች ነውና አንደንግጥ)። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ልምምዱ ሳያልቅ አልጋው ለሌላ ሕመምተኛ ሲፈለግ አረጋዊው ወዴት ይሄዳሉ?

እንደሚታወቀው የአገራችን መልስ «ወደ ልጆቻቸው» የሚል ነው። ጧሪ ያጣም በእርጅናው መንኵሶ ገዳም ይገባል፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ይጠለላል። ሐዋሳችን ግን በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች፣ ብዙ ሰው ከሌላ አገር መጥቶ የሠራባት ከተማ ናት፤ የአንዳንዱ ዘመድ ሩቅ ነው፣ የአንዳንዱም ልጅ ዐረብ አገር ነው። እንዲህ ላለው ሰው መጦሪያ ቤት ያስፈልገዋል። መጦሪያ መግባትን ውርደት የሚያደርገውን አነጋገር እኛ አንቀበለውም። የክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ይጦራል፤ በዚህ የሚያፍር ማን ነው?

አደጋው ያለው በሁለቱ ቤቶች መካከል ነው። በሐኪም ቤት ተደግፈው ዐሥር እርምጃ ይራመዱ የነበሩ እናት፣ በአዲሱ ቤት ይህን የነገረ ሰው ከሌለ አልጋ ላይ ይቀራሉ። ያልሠራ ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ሳይገላበጥ የቆየ ጎን ይቆስላል። ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጠየቅ መልካም ነው፤ መዝሙሩም እንደዚሁ፤ ነገር ግን እግር አያንቀሳቅስም።

ስለዚህ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ከመውጫው ቀን በፊት ሄደው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲያለማምድ ይመልከቱ። ስንት እርምጃ፣ በማን ድጋፍ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት የሚለውን ይጻፉ፤ ወረቀቱም ከአረጋዊው ጋር መጦሪያው ይግባ። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው፣ በደኅናው በኩል ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር፣ ሲወርዱ የታመመው ይቀድማል። የዛለ ክንድ ይዞ መጎተት ትከሻን ያወልቃል። ምግብ ቀና ብለው ተቀምጠው እንጂ ተጋድመው አይጉረሱ፣ ትን ይላቸዋል። ከአልጋ የማይነሡትን በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፈቃዳቸውን መጠየቅ ነው። አረጋዊው እየሰሙ «እዚያ እናስገባቸው» ተባብሎ በላያቸው መወሰን፣ ለእርዳታ ቢሆን እንኳ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማዛወር ነው። ቢቻል አስቀድመው ቤቱን ይዩት። ጋቢያቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸው፣ የለመዱት ከዘራ አብሯቸው ይሂድ፤ የንስሐ አባታቸውም አዲሱን ቤት ይወቁት።

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሲያስረክብ ሁለት ዲናር ብቻ አልሰጠም፤ ሲመለስ የጎደለውን እንደሚከፍልም ቃል ገብቷል። ተራ ስናወጣም ለገቡበት ሳምንት ብቻ ሳይሆን ለሦስተኛውና ለስድስተኛውም ሳምንት እናውጣ፤ ጠያቂ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነውና።