ካርታው የማይሸመደድበት ጨዋታ

ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሮቹን ሁሉ ፊት ለፊቱ ያያቸዋል። የተደበቀ ነገር የለም፤ ዕድልም የለም፤ የሚሸነፈው አርቆ ባለመቁጠሩ ብቻ ነው። ካርታ የሚጫወት ሰው ደግሞ ባልንጀራው በእጁ የያዘውን አያይም፤ ስለዚህ ከተጣሉት ካርታዎች ተነሥቶ የቀረውን ይገምታል። አብዛኞቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ከሁለቱም ይለያሉ። ዓለማቸው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ጠላት የሚወጣበትን በር በአሥረኛው ሙከራ በቃሉ ይይዘዋል። ይህ ተማሪዎች ሁሉ ከፈተና ሰሞን የምናውቀው ሽምደዳ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ሽምደዳ ብዙ የማይረዳባቸውን ጨዋታዎች ነው። በተለምዶ «ሮግላይክ» ይባላሉ፤ ሮግን የሚመስሉ ማለት ነው። ስሙ የተገኘበት ሮግ የተሰኘው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ በነበሩት ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን ተጀመረ፤ ኋላም በበርክሌይ ኬን አርኖልድ ተጨመረበት። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ተጫዋቹ @ ነው፤ አውሬዎቹ ከኤ እስከ ዜድ ያሉት 26 የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ተጫዋቹ 26 ደረጃ ከምድር በታች ወርዶ አንድ ክታብ ይዞ መመለስ አለበት። ሁለት ሕጎች ግን ጨዋታውን ከሌሎቹ ለዩት። አንደኛ፣ ክፍሎቹና መተላለፊያዎቹ በእያንዳንዱ ጨዋታ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ ሞት መመለሻ የለውም። ጨዋታውን አቋርጦ በሌላ ቀን መቀጠል ይቻላል፤ ነገር ግን የተቀመጠው ፋይል ሲከፈት ወዲያው ይጠፋል። ፋይሉን አስቀድመው እየገለበጡ የሚያስቀሩ ብልጦች እንደነበሩ መካድ አይቻልም።

ዘሩና ፍሬው

ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ ከሆነ፣ በየጊዜው አዲስ ዓለም እንዴት ይፈጥራል? መልሱ በእርሳስና በወረቀት ሊታይ ይችላል። አንድ ቁጥር እንምረጥ፤ 7 ይሁን። ይህን መነሻ ቁጥር «ዘር» እንለዋለን። ቁጥሩን በ5 እናባዛና 3 እንደምርበት፤ ውጤቱን ለ16 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንውሰድ። 5 ጊዜ 7 ሲደመር 3፣ 38 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 6 ይቀራል። በ6 ላይ ያንኑ ስንደግም 33፣ ቀሪው 1 ይሆናል። እንዲህ ስንቀጥል የምናገኘው ሰልፍ ይህ ነው፦

7፣ 6፣ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15፣ 14፣ 9፣ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4፤ ከዚያም እንደገና 7።

ከ0 እስከ 15 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ወጥተዋል፤ ቅደም ተከተላቸውም ለዓይን ሥርዓት የለሽ ይመስላል። ነገር ግን ዕጣ አይደለም፤ ዘሩን ያወቀ ሁሉ ሰልፉን ያውቃል። የቁጥሮቹ ምርጫም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። በ5 ፈንታ በ4 ብናባዛ ከ7 ቀጥሎ 15 ይመጣል፤ ከ15 በኋላ ደግሞ 15፣ እንደገና 15፣ ያለ ማብቂያ 15 ብቻ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቀመር የሚሠራ ዋሻ ማን ይገባበታል!

አንባቢ ሰልፉን ልብ ብሎ ከተመለከተ ሌላም ጉድለት ያገኛል። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥሮች እየተፈራረቁ ይመጣሉ። የጨዋታው ደራሲ «ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ሰይፉ ይመታል፣ ጎዶሎ ከሆነ ይስታል» ብሎ ቢደነግግ፣ ተጫዋቹ ሳይቆይ ምስጢሩን ይደርስበታል። ማካፈያው የ2 ርቢ ሲሆን ይህ ችግር ሁልጊዜ አለ፤ ከቁጥሩ የሁለትዮሽ አሃዞች መካከል በቀኝ ጫፍ ያሉት ቶሎ ቶሎ ይደጋገማሉ። በሮግ ኮድ ውስጥም የተሠራበት ቀመር ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ የቀኝ ጫፎቹን 16 አሃዞች ጥለው የላይኞቹን ብቻ ይወስዱ ነበር። ዘሩንም ከኮምፒውተሩ ሰዓትና ስርዓተ ክወናው ለፕሮግራሙ ከሚሰጠው መለያ ቁጥር ደምረው ያገኙታል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ልዩነት የተጀመሩ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ልዩ ልዩ ዓለማት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የግንበኛ ነው። ሮግ ማያውን በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ ለዘጠኝ ይከፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የክፍሉን ስፋት ከሰልፉ በሚወጣ ቁጥር ይወስናል፤ ከዚያ ክፍሎቹን በመተላለፊያ ያያይዛል። የመድኃኒቶቹም ቀለም በዚሁ ዕጣ ይደለደላል። በዛሬው ጨዋታ የሚፈውሰው ቀይ መድኃኒት በነገው ዓይን ሊያሳውር ይችላል። «ቀዩ ጥሩ ነው» ብሎ መሸምደድ ዋጋ የለውም። የሚጠቅመው ሕጉን ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ኔትሃክ ተጫዋቾች ያልታወቀ መድኃኒት ሲያገኙ ወደ ሱቅ ይወስዱታል፤ ባለሱቁ ከሚጠራው ዋጋ ተነሥተው ምን ሊሆን እንደሚችል ያጠብባሉ። በዚያው ጨዋታ በባዶ እጅ የነካትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርግ፣ ዶሮም እባብም የምትመስል ፍጡር አለች። ጓንት ያደረገ ሰው ግን ሬሳዋን አንሥቶ ጠላቱን ድንጋይ ሊያደርግበት ይችላል። ይህ በካርታ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ከሕጉ የሚከተል ነው።

ዱካ ማንበብ

ከዚህ ቤተሰብ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው አንሪል ወርልድ የተባለውን የፊንላንድ ጨዋታ ነው። ሳሚ ማራነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ሲሆን ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ሲያሻሽለው ቆይቷል። ዘመኑ የብረት ዘመን፣ ቦታው የሰሜን ደን ነው። የሚፈለግ ክታብ የለም፤ የሚጠየቀው ክረምቱን በሕይወት ማለፍ ብቻ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ረኀብ፣ ብርድና ድካም በቁጥር እየተሰሉ ሲመጡ ግን ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያውን በረዶ አያልፍም።

የጨዋታው እምብርት አደኑ ነው። ኤልክ የሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘመድ ከሰው ይፈጥናል፤ ሮጦ ሊይዘው የሚሞክር ተጫዋች ራሱ ይዝላል። ኤልኩ ግን እየሮጠ ሲሸሽ ይደክማል፣ ሲደክም ይቆማል፣ በበረዶውም ላይ ዱካ ይተዋል። ተጫዋቹ ሸክሙን አቅልሎ፣ ድካሙን እየመጠነ፣ ዱካውን ሳይለቅ በእርጋታ ቢከተል በመጨረሻ ይደርስበታል። ዱካው ሲጠፋ እንስሳው ወዴት ሊያመራ እንደሚችል መገመትና ግምቱን ሄዶ መፈተን ያስፈልጋል።

ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሊበንበርግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት በካላሃሪ የሚኖሩ አዳኞች ኩዱ የተባለውን ባለ ጠምዛዛ ቀንድ የዱር እንስሳ በቀትር ፀሐይ ለሰዓታት እያሳደዱ እንዴት እንደሚጥሉት ገልጿል። እንስሳው ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ እየጋለበ ደግሞ በደንብ ማለክለክ አይችልም። ሰው ግን እየሮጠ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዘዋል። በካላሃሪ እንስሳውን የሚጥለው ሙቀቱ ነው፤ በጨዋታው ደን ውስጥ ግን ድካም ብቻ ነውና፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። ይኸው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መጽሐፍ የሳይንስ መነሻ ዱካ ማንበብ ነው ብሎ ተከራክሯል። አዳኙ ከጥቂት ምልክት ተነሥቶ መላ ምት ያቀርባል፤ ቀጣዩ ኮቴ ወይ ያጸድቀዋል ወይ ይሽረዋል። ክርክሩን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ብንቸገርም፣ በአንሪል ወርልድ አንድ ሳምንት ያደነ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ የሚጥለው አይመስለንም።

ኮምፒውተር ራሱ ሲጫወት

ሽምደዳ የማይሠራበት ጨዋታ ለማሽንም ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች ሮግን ብቻውን የሚጫወት ሮጎማቲክ የተባለ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ፤ ፕሮግራሙ በ1984 ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተወጣው። ዕውቀቱ በሰው እጅ በሕግ መልክ የተጻፈለት ነበር።

ኔትሃክ ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ጨዋታውን ለማሽን ትምህርት መሞከሪያነት አዘጋጁት፤ በ2021ም ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሄደበት። ቀደም ሲል በቼዝና በጎ ጨዋታዎች የሰውን ሻምፒዮኖች የረቱ ማሽኖች ስለነበሩ፣ በሙከራ ብዛት የሚማሩት የነርቭ መረብ ፕሮግራሞች ይመራሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ሆኖም ከፊት የተሰለፉት እንደ ሮጎማቲክ ሁሉ ሰዎች ሕጎቹን አንድ በአንድ የጻፉላቸው ፕሮግራሞች ሆኑ። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው የተወጣ ግን ከሁለቱም ወገን አንድም አልነበረም።