አልጋ ልትገዢ ስትወጪ

ልጄ፣ ጎጆ ልትወጪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለመኝታ ቤትሽ ዕቃ ፍለጋ ስትወጪ ሻጮች «ይሄ ሞደርን ነው፣ ያኛው ኮንቴምፖራሪ ነው» እያሉ ያዋክቡሻል። ሁለቱን ካልለየሽ ለስም ብቻ ገንዘብ ታወጫለሽና የምልሽን አድምጪኝ።

1. ሞደርንን ከአዲስ ለዪ። ሻጩ ሞደርን የሚለው አዲሱን ሁሉ ነው። እውነተኛው ሞደርን ግን ከአያትሽ ዕድሜ የሚበልጥ ስልት ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ተነስቶ እስከ 1960ዎቹ ዘለቀ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ትልቅ ምንጩ ዋልተር ግሮፒየስ በ1919 በጀርመን ቫይማር የከፈተው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ዕቃ በአገልግሎቱ ልክ ይቀረጽ፣ የተለጠፈ ጌጥ ይቅር አሉ። ከዚያው ቤት የወጣው ማርሴል ብሮየር የብስክሌት መሪ አይቶ በታጠፈ የብረት ቱቦ ወንበር ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ዴንማርኮች ስልቱን በቲክ እንጨት አለዘቡት። መኝታ ቤት ሲገባ አልጋው ዝቅ ያለ፣ እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ የእንጨቱ መልክ ሳይሸፈን የሚታይ ነው።

2. ኮንቴምፖራሪ የዛሬ ነው፤ ስለዚህ ነገ ሌላ ይሆናል። አሁን የያዘው ፋሽን ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ራስጌ፣ የተጠማዘዘ ጠርዝ፣ ከራስጌው ጀርባ የተደበቀ መብራት፣ እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ቁም ሳጥን ነው። ከዚህ በፊት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነጭና ጥቁር ነበር። ከቀደመው ሁሉ ይበደራል፤ ከሞደርንም ጭምር።

3. ከተምታታብሽ ወደ ታች እዪ። ሞደርን አልጋ በእግሩ ስለሚቆም ወለሉ ይታያል፤ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍልም ሰፋ ብሎ ይታይሻል፤ መጥረጊያም ያስገባል። ብዙው ኮንቴምፖራሪ ወለሉ ላይ ይቀመጥና ሆዱን የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ያደርጋል። ቁም ሳጥንሽ ከበቃሽ የመጀመሪያውን፣ ካልበቃሽ ሁለተኛውን ውሰጂ።

4. ከስሙ ይልቅ መጋጠሚያውን መርምሪ። ፍራሹን አስነሺና ርብራቡን ተመልከቺ፤ ሜትር ከሰማንያ አልጋ መሃሉ ላይ ደጋፊ እግር ከሌለው ይሰምጣል። ራስጌውና ጎኑ የሚያያዙበትን ቦታ በእጅሽ ዳብሺ። ቺፑድ ውስጥ በቀጥታ የገባ ብሎን አንዴ ከላላ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ተከራይ ከሆንሽ ቤት በቀየርሽ ቁጥር ይብስበታል። በብረት ማያያዣ የሚታሰር ይሻልሻል። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ጎትቺ፣ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ሽፋን መነሳት አለመነሳቱንም በጥፍርሽ ሞክሪ። በዚያ በኩል ውሃ የገባበት ቺፑድ ያብጣል፤ አይመለስም።

5. ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ከአልጋው በፊት ፍራሹን ወስኚ፤ ሜትር ከሃምሳ ወይስ ሜትር ከሰማንያ? የበሩንና የደረጃውን ስፋት ለኪ፤ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት አልጋውን እንዳይመታም አስቢ።

6. ከባዱን ገንዘብ ለማይለወጠው አውጪ። አልጋውና ቁም ሳጥኑ ቀጥ ያሉ፣ ጌጥ ያልበዛባቸው ይሁኑ፤ የዛሬውን ፋሽን በመጋረጃ፣ በመብራትና በአልጋ ልብስ አምጪው፤ ሲሰለችሽ በቀላሉ ትቀይሪዋለሽ። ሞደርን እንዴት ዕድሜ እንደሚጠግብ ማወቅ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ አዳራሽን እዪ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1961 ተመረቀ፤ በ2024 ታድሶ ሲከፈት የጥንት መልኩን እንደያዘ ነው።

7. ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት አልጋው ላይ ተጋድመሽ ተገላበጪ። ሲጢጥ ካለ ሞደርንም ይባል ኮንቴምፖራሪ፣ አመስግነሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።