ጭሱ ያለቀለት ከሰል

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰል፣ ማገዶ ወይም ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚፈጠር፣ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ዓይን የሚቆጠቁጠውና የሚያስለው ጭስ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች የሚመጣ በመሆኑ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ጋዙ አብሮ አያልቅም፤ እንዲያውም ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት የሚያወጣው ፍም ሆኖ በሚግልበት ጊዜ ነው። «ጭሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ከደጅ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ማንደጃ ቤተሰብ የሚጨርሰውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለ ከሰል ጭስ በተደጋጋሚ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ አደጋ በማየት ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እየተፋቀ ለጥብስ ሲዘጋጅና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣልላቸውን ሆድ ዕቃ ቆመው ሲጠባበቁ፣ ከሰል በአቅራቢያው ቀኑን ሙሉ ቢግም የሐይቁ ነፋስ ጋዙን ስለሚበትነው ሰው አይጎዳም። ያው ማንደጃ ግን በክረምት ማታ ፍሙ ሳይጠፋ፣ በርና መስኮቷ ወደተዘጋ አንዲት ጠባብ ክፍል ከገባ፣ የተኙትን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል።

ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ መላ አካል የሚያደርሰው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ክሎድ ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳመለከተው፣ ጋዙ ኦክስጅንን ከቦታው እያስለቀቀ ደሙን ባዶ ተጓዥ ያደርገዋል፤ በቅድሚያ የሚጎዱትም ያለ ኦክስጅን መቆየት የማይችሉት አንጎልና ልብ ናቸው።

የመመረዙ መነሻ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ስለሆነ፣ በሽተኛውም አስታማሚውም ነገሩን ለምች፣ ለተበላሸ ምግብ ወይም ለስካር ይሰጡታል። ሕመሙ ሲከፋ ግራ መጋባት፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትና መንቀጥቀጥ ይከተላሉ። ሐኪሙን ከስህተት የሚያድነው ከመሣሪያ ይልቅ ጥያቄ ነው፦ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ታመመ? ከሰል ነበረ ወይ? ደጅ ሲወጡ ቀለል ይላቸዋል ወይ? ትኩሳት ሳይኖራቸው አንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ከታመሙ፣ ሌላው ሁሉ እስኪጣራ ድረስ መርዙ መጠርጠር አለበት። የቆዳ ቼሪ መስሎ መቅላት በሕይወት ባሉ በሽተኞች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከመማሪያ መጻሕፍት አልወጣ ያለውም ከጥቅሙ ይልቅ ለማስታወስ ስለሚቀል ይመስላል። በጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትርም በጋዝ የተያዘውን ሂሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ እየሞተ ያለን ሰው 98 በመቶ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ትክክለኛው ምርመራ በጋዝ የተያዘውን ሂሞግሎቢን፣ ማለትም ካርቦክሲሂሞግሎቢንን፣ በደም ውስጥ መለካት ነው፤ መለኪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ኦክስጅን መስጠት የምርመራ ውጤት ሊጠብቅ አይገባም።

አዳኙ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ውስጥ ሳይዘገይ ተጎጂውን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያም የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት ይኖርበታል። ራሱን የሳተ ሰው የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ካልተነፈሰ ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ወዲያው ይጀመራል። ሎሚ ማሸተት ጊዜ ከማባከን አያልፍም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል የከፋ ነው።

ዋናው መድኃኒት ከረጢት ባለው ጭንብል በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው የካርቦክሲሂሞግሎቢን መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅበት፣ በንጹሕ ኦክስጅን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከፍተኛ የአየር ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል በሚገኝበት አገር ደግሞ ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። የፅንስ ሂሞግሎቢን ጋዙን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ተሽሏት እንኳ ኦክስጅኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥልላታል። ልብ ሊጎዳ ስለሚችልም የልብ ምት በኢሲጂ ይመረመራል።

ድኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ መርሳት፣ የጠባይ ለውጥ ወይም የአካሄድ መዛባት ሊጀምረው ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ይህን አውቆ ምልክቱ እንደታየ ወደ ሆስፒታል እንዲመልሰው ከመውጣቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።