በጉና ተራራ ላይ የጠፋው ደብተር

ጉና በደቡብ ጎንደር የሚገኝ ትልቅ ተራራ ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ብርዱ ይበረታል፤ ጓሳና ጅብራ ይበዛል። ጭጋግ ሲወርድ ሰው ከሰው አይተያይም።

አንድ ቀን እኛ አራት ጎረቤታሞች ተራራውን አቋርጠን ወደ ደብረ ታቦር እንጓዝ ነበር። ሦስታችን ለገበያ ነው። አራተኛው ጓደኛችን ግን በማግስቱ የወሰን ክርክር ቀጠሮ ነበረው። ማስረጃው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነው። ይህ ደብተር በአማራ ክልል ለገበሬዎች መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። የባለይዞታው ስም፣ የማሳው ስፋትና የአዋሳኞቹ ስም ይጻፍበታል። ጓደኛችን ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮት ነበር።

ዳገቱን ወጥተን አረፍ ስንል ጋቢውን ዳበሰ። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ደብተሩ የለም።

«ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ቁልቁል ሊሮጥ ሲል ያዝነው።

በዕድሜ ጠና ያሉት ጓደኛችን «ቆይ ልጄ፣ መሮጥ አያስገኝም። መጨረሻ ያየኸው የት ነው?» አሉት።

ጥቂት አሰበና «ከምንጩ ውሃ ስንጠጣ ነበረኝ» አለ።

ከእኛ አንዱ «ብንመለስ እኮ ገበያው ያመልጠናል» አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ገበያ በሳምንቱ ይመጣል፤ ቀጠሮው ግን ነገ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ተመለስን።

ደብተሩ የወደቀው ከምንጩ እስከ ማረፊያችን ባለው መንገድ ላይ መሆን አለበት። ሌላውን ተራራ መፈለግ አላስፈለገንም። ባለቤቱ መንገድ መንገዱን ያዘ። ሁለታችን ግራና ቀኙን ሣር በዱላ እየገለጥን ወረድን። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው፣ ፈልገን ባለፍንበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ያቆሙ ነበር። ጭጋጉ ሲመጣ «አለህ?» «አለሁ!» እየተባባልን እንሄዳለን። ብቻውን የራቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ምንጩ ስንቃረብ አንዲት ቦይ አለች። ጠዋት ዘለን ያለፍናት ናት። እዚያው ከጓሳ ሥር ላስቲኩ ታየ!

ጓደኛችን በሚንቀጠቀጥ እጁ ከፈተው። ውሃ አልነካውም። ድሮ በጣቱ ይፈርም የነበረው ሰው፣ ስሙንና የአዋሳኞቹን ስም ፊደል በፊደል አነበበልን። እኛ ከገበያ ቀረን፤ እሱ ግን ለቀጠሮው ደረሰ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1. ዕቃ ሲጠፋ ከመሮጥ በፊት መጨረሻ የታየበትን ቦታ ማስታወስ ይገባል።
2. ሥራ ተከፋፍለው ሲፈልጉ ድካም ይቀንሳል።
3. በተራራ ላይ፣ በተለይም በጭጋግ፣ መነጣጠል አደጋ አለው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. ሽማግሌው ድንጋይ ያቆሙት ለምንድን ነው?
ለ. እናንተ ብትሆኑ ገበያውን ትተዉ ነበር? ተወያዩበት።