ስንፈተ ወሲብ፦ ከክኒኑ በፊት ምርመራው

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ከባለቤቴ ጋር ስሆን ብልቴ አይጸናም። ሌሊት ውኃ ጥሙም አላስተኛ ብሎኛል። ሙቀቱ ይሆን? ክኒን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚኖሩበት የይፋት ቆላ ሙቀት ያስጠማል እንጂ ስንፈተ ወሲብ አያመጣም። ጥምና ስንፈት አብረው ሲመጡ ስኳር በሽታ ይጠረጠራል፤ ስኳር ነርቭንም የደም ሥርንም ይጎዳል። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ችግሩ ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል። ሲልደናፊል የተባለውን የስንፈተ ወሲብ ክኒን በራስዎ አይጀምሩ፤ ናይትሬት ከሚባሉት የልብ መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደ ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎንና የባዶ ሆድ ስኳርዎን ያስለኩ፤ ስኳሩ 126 (mg/dL) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደገማል። ለባለቤትዎም ይንገሯት።