ለገጠር መንገድ ጎማ ሲገዛ ከጥርሱ በፊት ጎኑ ይነበብ

ለቡና ወደ ጅማ፣ ለከብት ወደ ቦረና፣ ለጨው ወደ አፋር የሚመላለስ ነጋዴ ከአስፋልት ሲወጣ ገንዘቡንም ሕይወቱንም የሚያሳርፈው በአራት ጎማዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙ በማይበልጥ ስፍራ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገዥ በመኪናው ዋጋ ሳምንት ሙሉ ሲከራከር ይሰነብትና ጎማውን በአምስት ደቂቃ ገዝቶ ይሄዳል። የሚያየውም ጥርሱን ብቻ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ግን ደህና ጎማ አይደለም።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን የናፍጣ ላንድክሩዘር አሳምሮ ማቆየት ራሱን የቻለ የሂሳብ ሥራ ሆኗል። ሂሳቡም የሚጀምረው ከጎማ ነው።

ዕድሜውን ማወቅ

በጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። ለምሳሌ 2319 ቢል ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና 2019 ሲል በእኛ 2011 ዓ.ም ገደማ መሆኑ ነው። መጨረሻው ላይ 17 አይቶ «የ2017 ነው፣ ገና አዲስ ነው» የሚል ገዥ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ተሳስቷል። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድም።

ጎማ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከተሠራ 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዳይነዳበት ታላላቅ ጎማ አምራቾች ይመክራሉ። አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ከ6 ዓመት በኋላ ይለወጥ ይላሉ። ቀኑ የሚጻፈው አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ጎንበስ ብሎ በውስጥ በኩልም ማየት አለበት። ተለዋጩም ጎማ አይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እርሱ ነው።

የሚሸከመውን ማወቅ

265/70አር16 የሚል ጎማ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የሸክም ልክ ነው። 98 ሲል አንዱ ጎማ 750 ኪሎ፣ 112 ሲል 1,120 ኪሎ፣ 121 ሲል 1,450 ኪሎ ይችላል። ከነጭነቱ 3,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ባለ 98 አራት ጎማ ቢገጠምለት ጎማዎቹ በድምሩ የሚችሉት 3,000 ኪሎ ብቻ ነው። ጭነቱ ደግሞ ወደ ኋላ ያጋድላል። እንዲህ ያለው ጎማ ከተማ ውስጥ ምንም ሳይል ይቆይና በቆላ ሙቀት፣ በረዥም ጉዞ ላይ ይፈነዳል።

ማሻሻያ ወይስ ማበላሻ?

መኪናው «እንዲያምር» ትልቅ ጎማ መግጠም የተለመደ ነው። 265/70አር16 ወርዶ 285/75አር16 ቢገባ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 56 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ መኪናው ከመሬት የሚነሣው ግን የዚህን ግማሽ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 107 ገደማ ይሆናል። ፍሬኑ ከባድ ጎማ ለማቆም ይለፋል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ መሪው ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፈትግ ይችላል። ሞላና ባሌስትራ አስረዝሞ መኪናን ማስነሣትም የፍሬን ቱቦዎች እንዲወጠሩና መኪናው በጠመዝማዛ ላይ በቀላሉ እንዲገለበጥ ያደርጋል።

ፖርቶመጋላም እንዲሁ ነው። ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን ውኃ 120 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ክብደት ከጣራ ወርዶ ከወለል ላይ ቢቀመጥ መኪናው ይረጋጋል። ለማሻሻያ የታሰበ ገንዘብ ካለ፣ መጀመሪያ ለሁለተኛ ተለዋጭ ጎማ፣ ለጥሩ ክሪክና ለንፋስ መሙያ ይዋል።

ንፋስ፣ ውኃና ገመድ

ከአዲስ አበባ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ሰው፣ የአየሩ ግፊት በመለወጡ ብቻ የጎማው ንፋስ በመለኪያ ላይ ወደ 3 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይልበታል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። በመሆኑም ንፋስ በደረሱበት አገር፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ እንደገና ይለካል። አሸዋ ላይ ንፋሱን ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ ማውረድ ጎማው ተንጣሎ እንዳይሰምጥ ይረዳል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ግን ሳይሞሉ መፍጠን ጎማውን ያቃጥላል።

በክረምት ወንዝ ሲሞላ መጠበቅ ኪሳራ አይደለም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውኃ ትልቁን መኪና ሳይቀር ሊወስድ ይችላል። በደረቅ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ማደርም አይገባም፤ ደራሽ ውኃ የሚመጣው እዚያ ዝናብ ሳይጥል ነው። ዋልካ ላይ የተያዘ መኪና ሲጎተት ገመዱ ከሻሲው መንጠቆ ላይ ይታሰር እንጂ ከተጎታች መሳቢያ ኳስ ላይ አይታሰር፤ ሰውም ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ሲበጠስ የሚወረወረው ብረት ሰው ይገድላል። ክሪክ ሲቆም ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ ይነጠፍ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም ማንም አይግባ።

በአጭሩ ገዥው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ያንብብ፦ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት፣ የሸክሙን ልክ፣ መኪናው ፋብሪካ ያዘዘለትን መጠን። የማንበቢያው ዋጋ አንድ ደቂቃ ነው። በጎማ ዋጋ ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብሎ መኪናውን ከነጭነቱ ገደል የሚሰድ ነጋዴ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ነው።