ለማስተርስ ከመመዝገብዎ በፊት፦ የአርዲቦና የአምባሰል መምህራን ማወቅ ያለባቸው

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ፣ በተሁለደሬም ሆነ በአምባሰል ቀበሌዎች የሚያስተምር መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ይቀበሉኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ተከታይ ቢሆን ይሻላል። ቀድሞ መመለስ ያለበት፣ ተምረው ሲጨርሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ሊሠሩ እንደሆነ ነው። ክፍል ውስጥ ይቆያሉ? ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር መሆን ይፈልጋሉ? የተለየ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ሊሠሩ ነው? ወይስ ከመምህርነት መውጫ መንገድ እየፈለጉ ነው? የመጨረሻውን መመለስ ነውር የለበትም። ኑሮ ከብዶት ሙያውን የለቀቀውን መምህር ሁላችንም እናውቀዋለን። መውጣት ከፈለጉ ግን የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ጊዜዎን ይበላል እንጂ አያወጣዎትም።

መምህርን ለማስተማር ማሠልጠን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃ ቁልቁል ወርዶ የሚገባበት ሐይቅ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚያ ትምህርት ቤት አቆሙ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በእስልምናውም በኩል የዳናና የጌታ መስጊዶች ከሩቅ አገር የመጡ ደረሶችን አስተምረው፣ ተመልሰው ሌላውን እንዲያስተምሩ ሲልኩ ኖረዋል። እነዚህ ቦታዎች ስማቸው የቆየው ወጥተው በሄዱበት ባስተማሩት ልጆቻቸው ነው። ዛሬም አንድን የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ስንመዝን መያዝ ያለብን መለኪያ ይኸው ይመስለኛል፦ ከዚያ የተመረቀው ሰው ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ምን ለወጠ? ይህን ለማወቅ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቁ ሰዎችን ፈልጎ ማነጋገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ዲፕሎማ ነው ወይስ ማስተርስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለው የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ማስተርስ አይደለም። በባዮሎጂ፣ በፊዚክስ ወይም በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የማስተማር ዘዴ ላልተማረ ሰው፣ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚያስችለው ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ ትምህርቱን ይወቅ፣ ከዚያ ማስተማርን ይማር። ለትምህርት ቤት አመራርም ተመሳሳይ ዲፕሎማ አለ። ሁለቱም የሚጠቅሙ ናቸው፤ ነገር ግን የማስተርስ ደመወዝ ያስገኛሉ ብሎ የነገረዎት ካለ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያጣሩ። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሌላ ነገር ነው፤ ሥራው የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ማፍራት ነው እንጂ ማስተርስ ማስተማር አይደለም።

የመስክ ምርጫ

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። መምህራን ማስተርስ ሲሉ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ትምህርት አመራር ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፦ በክረምት መርሐ ግብር በቀላሉ ይገኛል፣ የርዕሰ መምህርነት ተስፋም አለው። ነገር ግን በአንድ ወረዳ ያሉትን የርዕሰ መምህርና የሱፐርቫይዘር ቦታዎች በጣት መቁጠር ይቻላል። በአመራር የተመረቀው ሁሉ ቢሮ አያገኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር መምህር አለ እንበል። በትምህርት አመራር ማስተርስ ቢይዝ፣ ሲመለስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ወይ የአመራር ቦታ ጠብቆ ይወዳደራል፣ ወይ እዚያው ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። ሁለተኛው ሲሆን የሰው ሀብት ባለሙያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዲግሪ ከሚያስተምረው ትምህርት ጋር ይዛመዳል ወይ? ለደመወዝም ሆነ ለደረጃ እድገት መልሱን የሚወስነው መመሪያው ነው። እርስዎ ያወጡት ጊዜና ገንዘብ አይታይም። ያው መምህር በሒሳብ ወይም በሒሳብ ማስተማር ዘዴ ቢማር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ። ተማሪዎቹም ያተርፉ ነበር፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ ይህ አገር ትምህርቱን በጥልቀት የሚያውቅ የክፍል መምህር ምን ያህል እንደሚጎድለው አይጠፋውም።

ሁለት መስኮች ደግሞ ከሚገባቸው በታች ተፈላጊ ሆነው ቀርተዋል፦ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት እንዲሁም የምክር አገልግሎት። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ስንት ልጅ ዓመት አቋርጧል። ልጁ ክፍል ሲመለስ ፊደል ብቻ አይደለም የሚጎድለው። በር ጮክ ብሎ ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ስም ሲጠራ የማይመልስ፣ ጠዋት ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ማለፍና ምን እንደሆነ አውቆ መያዝ፣ ልዩነታቸው የሥልጠና ልዩነት ነው። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅም እንዲሁ፤ ከፊት ማስቀመጥ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ የፊተኛው ረድፍ ግን መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ከተናገረ አይጠቅመውም። ከተጠየቅሁ፣ ለወሎ በዚህ ዘመን እነዚህን ሁለቱን አስቀድማለሁ። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ወረዳዎ ለባለሙያው መደብ እንዳለው ያረጋግጡ፤ መደቡ ከሌለ ሙያውን ይዘው እዚያው ክፍልዎ ይቀመጣሉ።

ወረቀቱ ይታወቃል?

የከፍተኛ ትምህርት እውቅና የሚሰጠው የኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እውቅናው ለተቋሙ በጥቅል አይሰጥም፤ በፕሮግራሙ፣ በደረጃውና በካምፓሱ ነው። አንድ የግል ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በአንድ መስክ ማስተርስ ለማስተማር ተፈቀደለት ማለት፣ ደሴ በከፈተው ቅርንጫፍ ያንኑ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። የፈቃዱን ኮፒ ይጠይቁ፤ መስኩን፣ ደረጃውን፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። «በሂደት ላይ ነው» ከተባሉ ክፍያ አይፈጽሙ። የትምህርት ማስረጃ ማጣራት በየመሥሪያ ቤቱ እየተካሄደ ባለበት ጊዜ፣ ያልታወቀ ዲግሪ ጭማሪ ከማሳጣት አልፎ ሥራዎን ሊያስከፍልዎት ይችላል።

የመግቢያው ፈተና

አሁን ማመልከቻ ብቻ አይበቃም። ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የቋንቋ ግንዛቤ፣ የስሌትና የማመዛዘን ችሎታ ነው የሚለካው፣ የሚቀርበውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲያስተምር የኖረ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ እንግሊዝኛ ማንበብ ቢጀምር ይጠቅመዋል። ከፈተናው ሌላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደሚያመለክቱበት መላክ አለበት። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለብዎ እንደሆነ ይህ ወረቀት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በሰኔ ሳይሆን በጥር ይጀምሩት።

የት፣ መቼ፣ በማን ወጪ

ለአርዲቦ ቅርቡ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜን በኩል ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ኮተቤ ደግሞ በዘርፉ የቆየ ስም አላቸው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ተቋማት የተመሠረተ ሲሆን አንዱ የፔዳጎጂ አካዳሚው ነው፣ ኮተቤ ደግሞ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ሩቅ ቦታ የተሻለ መምህርና የተሻለ ቤተ መጻሕፍት ሊያገኙ ይችላሉ። ነገር ግን የቤት ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን፣ መንገዱ የሚዘጋበትን ቀን ጨምረው ያስሉት።

በክረምት መርሐ ግብር መማር ማለት ሐምሌና ነሐሴን ለተከታታይ ዓመታት ከቤት መራቅ ማለት ነው። እርሻ ያለው መምህር ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እርሻውን የሚይዘው ወንድም፣ ሁሉም በውሳኔው ውስጥ ይግቡ።

ወረዳው ወይም ክልሉ ስፖንሰር ካደረገዎት ደስ ይበልዎ፤ ውሉን ግን ሳያነቡ አይፈርሙ። ስንት ዓመት ያስገድዳል? በሥልጠናው ወቅት ደመወዝ ይቀጥላል? ቢያቋርጡ ምን ይከፍላሉ? ዋስ የሚሆንዎት ሰው ምን ይጠየቃል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይታሰብበት፤ ዋስ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ዕዳው በእሱ ደመወዝ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፉ

«ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ተለጥፎ ያያሉ። አይግዙ። ማስተርሱ መምህርን የሚለውጠው በዚያ ጽሑፍ ነው፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የክፍል መምህር ሁሉ ማስተርስ እንዲኖረው ስትወስን ከፈለገችው ነገር አንዱ፣ መምህሩ የራሱን ክፍል እንደ ተመራማሪ ማየት እንዲችል ነበር። እርስዎም ርእስዎን ከደጅዎ ይምረጡ። በአርዲቦ ዳርቻ ያሉ ልጆች በአጨዳ ወቅት ስንት ቀን ይቀራሉ? ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አማርኛ አንብቦ የማይረዳ ስንት ነው? በጉድኝት ማዕከሉ የሚሰጠው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ክፍል ውስጥ ይታያል ወይስ ፋይል ውስጥ ብቻ ይቀራል? እነዚህን በሚገባ የመለሰ ሰው ደመወዝ ባይጨመርለት እንኳ ትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል። የሚመዘገቡበት ክፍል ለአማካሪነት የሚመድባቸውን መምህራንና እያንዳንዳቸው ስንት ተማሪ እንደያዙ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አማካሪው ሰላሳ ተማሪ ካለው የእርስዎን ጽሑፍ የሚያነብበት ጊዜ አይኖረውም።

ይህን ሁሉ አይተው ከወሰኑ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀን ወስደው ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የመረጡትን መስክ፣ ተቋሙንና ካምፓሱን ጠቅሰው በማመልከቻ ይጠይቁ፦ ይህን ዲግሪ ይዤ ብመለስ ለደረጃ እድገትና ለደመወዝ ይያዝልኛል ወይ? መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ተጽፎ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ማኅተም ተመትቶበት ይሰጥዎት።